የቀኙ መቃን

ዴንሃግ ውስጥ በአንድ ቤተ መዛግብት እሠራለሁ። ሥራዬ ከአሮጌ ወረቀት ላይ የዛገ ስፒል እየነቀልኩ ወረቀቱን ወደ አዲስ አቃፊ ማዛወር ነው። ማንበብ አይጠበቅብኝም፤ ዓይን ግን አያርፍም።

በነነዌ ጾም ሰሞን የደረሰኝ ካርቶን የከተማው የአይሁድ ማኅበር ለሴት ልጆች ከፍቶት የነበረ የስፌት ትምህርት ቤት ወረቀት ነበር። የክር መግዣ ደረሰኝ፣ የመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ አንዷ ልጅ መቀስ ስለጠፋባት ለወላጆቿ የተላከ ቁጣ። ደስ እያለኝ ነው የሠራሁት። እኔም ልጅ ሆኜ መቀስ ይጠፋብኝ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ወረቀቶች ግን ናዚዎች አገሩን በያዙበት ጦርነት ጊዜ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። የስፌት መኪኖቹ፣ ወንበሮቹ፣ መጋረጃው ሳይቀር ተመዝግቧል። ስለ ልጆቹ አንድ ቃል የለም። አማተብኩ።

ከሥር ፎቶግራፍ ነበር። ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ከፊት ያለችው በእግር ጣቶቿ ቆማ እጇን ወደ ቀኙ መቃን ዘርግታለች። ከበሩ በላይ ግማሽ ክብ መስኮት አለ። ደረጃው ጥጉ ላይ ተሸርፏል። ያ ሽራፊ በየእሑዱ ጫማዬን ሳወልቅ የማየው ነው። በሩ ላክ በሚባለው ሰፈር ለዓመታት ተከራይተን አምና የገዛነው የቤተ ክርስቲያናችን በር ነው።

አብራኝ የምትሠራው ሆላንዳዊት ፎቶውን ወስዳ ተመለከተች።

«ከኦሪት የተጻፈ ቃል በትንሽ ማኅደር አድርገው ቀኝ መቃን ላይ አዘንብለው ይቸነክሩታል» አለችኝ። «ሲገቡ ነክተውት ጣታቸውን ይስማሉ።»

እኛም የምንሳለመው የቀኙን ብቻ ነው። አገር ቤት ሁለቱንም ነበር የምንሳለመው፤ እዚህ ግን ግራውን ሲስም ያየሁት ሰው የለም። ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ እንላለን፤ ቀለሙ እዚያ ጋ ጎድጎድ ብሏል። የከንፈራችን ብዛት ያጎደጎደው ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ደግሞ ያ መቃን ሊነቀል ነበር። በሩ ስለጠበበ የእማማ ሮላተር አላስገባ ብሏል። እማማ ከሁላችንም ቀድመው የመጡ አሮጊት ናቸው፤ የሚደገፉትን ባለ ጎማ ትተው እኛን መደገፍ አይወዱም። በሩን የሚያሰፉት የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ አናጢ ናቸው። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የቀኙን መቃን አይንኩት።» ያየሁትን ነገርኳቸው።

«አንቺ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ስትውዪ መንፈስ ለመድሽ እንዴ? እማማ በመስኮት ይግቡ?»

«በግራ በኩል ያስፉት።»

«በግራ ግንብ ነው፣ እህቴ። የሁለት ቀን ሥራ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ መጸለይ ጀመርኩና አቃተኝ። የልጆቹ እጅ ካረፈበት ነገር የቀረው ያ እንጨት ብቻ ነው። ነቅለን ቆሻሻ ላይ ከጣልነው፣ ያንን ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ ያደረግነው እኛ እንሆናለን።

ቅዳሜ ማለዳ ስደርስ ሊቀ መንበሩ ምስማር ፍለጋ የቀኙን መቃን በመሮ እየፋቁ ነበር። እማማ ሮላተራቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ቀለሙ ድርብ ድርብ ሆኖ ወደቀ። ከሥሩ ዘንበል ያለ ጎድጓዳ ወጣ፤ ከላይና ከታች የምስማር ቀዳዳ አለው። ሊቀ መንበሩ በጣታቸው ዳበሱት።

«ባዶ ነው» አሉ። «ባዶውን ነው ስንስም የኖርነው።» መዶሻውን አነሱና ወደ እማማ ዞሩ። «እማማ፣ ለመሆኑ ቀኙን ብቻ ተሳለሙ ብሎ ያስተማረን ማነው?»

«ማንም አላስተማረኝ። የመጀመሪያ ቀን ስመጣ ሲሳለሙት አይቼ ነው።»

«እነማን?»

«ልጆቹ ናቸዋ። ሴቶቹ።»

ለእማማ ስለ ፎቶግራፉ የነገርኳቸው ነገር የለም። ሊቀ መንበሩ «ነግረሻቸዋል?» በሚል ዓይን አዩኝ፤ እኔም ምንም እንዳልነገርኳቸው ገለጽኩላቸው።

«እማማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያን ቀን ቁልፉን ተቀብለው በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ በፊት የገባ ሰው አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ተሰልፈው ነበራ። እስኪገቡ ቆሜ ጠበቅኋቸው።»

ሊቀ መንበሩ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከኪሳቸው ሜትር አወጡና የግራውን ግንብ መለካት ጀመሩ።