ዮቪል ሳለን በራችን የተንኳኳ ቀን
የእጅ ማጽጃ አልኮል በሸተተኝ ቁጥር በስደት ሳለን ዮቪል በሚባል ሰፈር የተከራየናት ክፍል ትመጣብኛለች። ኮሮና ከተማውን የዘጋበት ሰሞን ነበር። አባቴ ትኩሳት ይዞት ትንፋሽ አጥሮታል። ድንገት በራችን ተንኳኳ። የመኖሪያ ወረቀታችን ጊዜው አልፎ ስለነበር ፖሊስ መሰለኝ፤ ሲስል እንዳይሰማ የአባቴን አፍ በእጄ ያዝኩ።

አብረውን የሚኖሩት እማማ ዓለሚቱ ግን ተነሱ።

«ልጄ፣ ሊያስር የመጣ እንዲህ ቀስ ብሎ አያንኳኳም» ብለው ከፈቱ።

ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ለስደተኞች ምግብ የሚያድሉ ሁለት ሴቶች ናቸው። አባቴን ሲያዩ የያዙትን ዱቄት መሬት አስቀምጠው ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና ጠሩ። ደግፈው ሲያወርዱት እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ።

«ይመለሳል?» አልኳቸው እማማን።

«ጌታ ያውቃል» አሉኝ።

አባቴ ድኖ ተመለሰ። እማማ ያን ቀን ባይነሱ ኖሮ የሚለውን ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ጨርሼ ማሰብ አልቻልኩም።