የአርባ ሰባት ሰከንድ ግምገማ

አቶ ወልደ ሰንበት በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመናቸው ለሠራተኛ ከሰማንያ አምስት በታች የሰጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሰውዬ ታሪክ እነግራችኋለሁ። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ባለፈው ጥር የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ሰባ ስምንት ሆኖ መጣ። "መሻሻል ያለበት" በሚለው ሣጥን ውስጥ፣ እንድተይበው እንኳን ሳይሰጡኝ፣ በራሳቸው እጅ "እያወቀች ዝም ትላለች" ብለው ጽፈውበታል። ፈርሜ መለስኩላቸው። እውነት ነው፣ ምን እላለሁ?

ስሜ እታለም ይባላል። ሆሳዕና ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከእሳቸው ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የእሳቸው ሥራ ሰው መገምገም ነው፤ የእኔ ሥራ የገመገሙትን መተየብ። በዓመት ሁለቴ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ በእጃቸው ያልፋል፤ ሁሉም ከሰማንያ አምስት እስከ ዘጠና አራት ባለው ቦታ ላይ ይደለደላል። ከምሳ በኋላ የማይገኘው ሾፌር ሰማንያ አምስት፣ የሦስት ሰው ሥራ ብቻዋን የምትሠራው ሰብሌ ዘጠና አራት። እኔ እስካለፈው ጥር ድረስ ሁልጊዜ ዘጠና አንድ ነጥብ አምስት ነበርኩ። በወሊድ ፈቃድ ቤቴ በከረምኩበት ግማሽ ዓመት እንኳን ያው ዘጠና አንድ ነጥብ አምስት ነበርኩ። መሻሻል ያለበት፦ "የቡድን ሥራ"። ከማን ጋር በቡድን እንደምሠራ፣ ከሕፃኑ ጋር ይሁን ከማን፣ አልጠየቅኳቸውም።

ክፉ ሰው ናቸው እንዳትሉኝ። አባታቸው ከሰሜን ሸዋ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሆሳዕና ተወልደው፣ ሆሳዕና አድገው፣ ጃጁራ ገበያ ላይ በሀድይኛ ሲከራከሩ ሻጩ ራሱ የሚስቅላቸው ሰው ናቸው። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛን፣ ያውም ጎረቤታቸውን፣ አይተው መዝነው ስልሳ አንድ ሰጡት። የሚገባውም ስልሳ አንድ ነበር ይላሉ። ሰውዬው እድገቱ ቀረበት፤ ሰላምታም አቆመ። ሲሞት አቶ ወልደ ሰንበት ቀብር ሄደው ቃሬዛውን ሊይዙ ጠጋ ሲሉ ልጆቹ እጃቸውን ገፍተው መለሷቸው። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገሩኝ፤ ሲነግሩኝም መስኮቱን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ወዲህ ማንም አይከፋባቸውም፤ ማንንም አያዩትም።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ይፈለጋል። የሠርግ ጥሪ የሚያሳትም ያሳያቸዋል፤ ለጡረታ ሽኝት ንግግር የጻፈ ያነብላቸዋል። ሁሉም "ጥሩ ሆኖ ሳለ ቢጠናከር ይመረጣል" የሚል ወረቀት ይዞ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሆሴዕም በዚህ በር ነው የመጣው።

ሆሴዕ የአቶ ሃንዲሶ ልጅ ነው። አቶ ሃንዲሶ ፎንቆ ላይ ስንዴ እያሳረሱ ከተማ የሚኖሩ፣ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ልጃቸው ስልክ ይጠግናል፤ ሲመሽ ደግሞ "ኪንግ ሆሲ" ሆኖ ራፕ ያደርጋል። አንድ ዘፈን ሠርቶ ክሊፕ አስቀርጾ ሲያበቃ አባትየው፣ "አቶ ወልደ ሰንበት ገምግመው ሳይፈርሙበት የኔ ስም ያለበት ነገር አይወጣም" አሉ። ለምን እሳቸው ቢባሉ፣ "የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስላልሆኑ አያዳሉም።"

ይህን ስሰማ ብቻዬን ሳቅኩ። የአቶ ሃንዲሶ ትልቋ ልጅ አቢጋኤል ከአራት ዓመት በፊት ዱራሜ የሚኖር፣ ዮሴፍ የሚባል፣ እንደ አቶ ወልደ ሰንበት ኦርቶዶክስ የሆነ መምህር አባቷን ሳታስፈቅድ አግብታ ሄዳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ስሟ አይጠራም። ልጅ ወልዳለች፤ አያቱ አላዩትም። ለአማችነት ያልበቃው ሃይማኖት ለገምጋሚነት በቃ ማለት ነው።

ሆሴዕ ቢሮ የመጣው በነሐሴ ዝናብ ነው። ኢንተርኔት ያለው የእኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለነበር ቪዲዮውን እዚያ ከፈተላቸው። ኮፍያውን አውልቆ ይዞታል።

"ጋሼ፣ እባክዎ እስከ መጨረሻው ይዩልኝ። ዋናው መጨረሻው ላይ ነው። አይሆንም ካሉኝ እቆርጠዋለሁ፤ ይሁን ካሉኝ ደግሞ ለዘመን መለወጫችን ለያሆዴ ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ አባዬ እንዲያየው እፈልጋለሁ።"

"እስከ መጨረሻው ነው እንጂ ታዲያ!" አሉት።

ልጁ ወጣ። መነጽራቸውን ጠርገው ተቀመጡ። ክሊፑ ላይ ሆሴዕ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የሰው መኪና ተደግፎ፣ ጣሪያ ያልወጣለት ፎቅ ፊት ለፊት እጁን ያወናጭፋል። ሦስት ጓደኞቹ ከኋላው ቆመው በጣም ተቆጥተዋል፤ በምን እንደተቆጡ አይታወቅም። ግጥሙ ጠላቶቹን ያስጠነቅቃል። ሆሳዕና ውስጥ ስልክ ጠጋኝ ምን ጠላት እንዳለው እንጃ፤ ጠግኖት የማይበራ ስልክ ያለው ሰው ካልሆነ። አንድ በግ ከግራ ገብቶ፣ ቆም ብሎ አይቶት፣ በቀኝ ወጣ። አርባ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ስብሰባ ተጠሩ። እኔ ነኝ ያቆምኩላቸው፤ ቁጥሩን አሁንም አልረሳውም። "እመለስበታለሁ" ብለው ሄዱ።

እኔ ግን ቀጠልኩ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

እስከ ሦስተኛው ደቂቃ ያው መኪና፣ ያው ቁጣ ነው። ከዚያ መኪናው ጠፋ። ሆሴዕ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ሮዝ መጋረጃ፣ የሴት ልጅ አልጋ፣ አልጋው ላይ የተከመረ የስንዴ ጆንያ። መነጽሩን አወለቀና ካሜራውን እያየ በቀስታ እንዲህ አለ፦

ስሟን እንዳትጠራ ተባልኩ፣ ዝም አልኩ፣
ማታ ማታ ስንጸልይ ግን ቆጠርኩ፤
ለዝናብ ተጸለየ፣ ለታሰረ፣ ለታመመ፣
አቢጋኤል ጋ ሲደርስ የአባዬ አፍ ታተመ።

አለቀስኩ። ቢሮው ውስጥ ማንም አልነበረም፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ቪዲዮውን ወደ አርባ ሰባተኛው ሰከንድ መልሼ አቆምኩት።

አቶ ወልደ ሰንበት ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ ኮምፒውተሩን ዞር ብለው ሳያዩ፣ "ጻፊ እታለም" አሉኝ።

"ጠንካራ ጎን። ወጣቱ ጊዜውን በአልባሌ ቦታ ከማሳለፍ ይልቅ በኪነ ጥበብ ላይ ማዋሉ። የተሽከርካሪው ንጽሕና የተጠበቀ መሆኑ። መሻሻል ያለበት። በቀረጻ ወቅት የቤት እንስሳት እንቅስቃሴ ላይ ክትትል ቢደረግ። የጓደኞቹ ፊት ፈታ ቢል። መደምደሚያ..."

እጄ ቆመ።

"...የዘፈኑ መደምደሚያ አስተማሪ ነው፤ ለመላው ቤተሰብ ይጠቅማል። እንዳለ ቢቀርብ ይመረጣል። ውጤት፣ ዘጠና ሁለት ነጥብ አምስት።"

"አቶ ወልደ ሰንበት፣ መጨረሻውን አይተውታል?"

"እታለም፣ እኔ የስንቱን ሪፖርት መጨረሻ አይቼ አውቃለሁ?"

ያኔ ልነግራቸው እችል ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ብነግራቸው ግን "ይህ ክፍል ቢወጣ ይመረጣል" እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ልጁም ቆርጦ ይጥለዋል፤ የአቢጋኤል አልጋም ጆንያ እንደተሸከመ ይኖራል። ይህ አንደኛው ምክንያቴ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ አልደብቅም፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘጠና አንድ ነጥብ አምስት የሰጡኝ ሰው አንድ ቀን እንኳን የፈረሙትን ነገር ፊት ለፊት እንዲያዩት ፈልጌ ነበር። ተየብኩት። አተምኩት። ማኅተም እንኳን የመታሁበት እኔ ነኝ።

ሆሴዕ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። "እንዳለ ይቅረብ ነው የሚሉት?" አለኝ። "እንደዚያ ነው የተጻፈው" አልኩት። ውሸት አልነበረም።

ያሆዴ መጣ። የአቶ ሃንዲሶ ቤት ከሞርሲቶና ከፎንቆ በመጣ ዘመድ ሞልቷል። እኔንና አቶ ወልደ ሰንበትን ጠሩን፤ እሳቸውን ለክብር፣ እኔን ለመተየቤ። አቶ ሃንዲሶ የተጣጠፈውን ወረቀት ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ለእንግዳው ሁሉ አነበቡ። ዘጠና ሁለት ነጥብ አምስት ሲሉ ተጨበጨበ። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ።

በጉ ሲመጣ ሕፃናቱ ሳቁ። መኪናው ሲታይ የሞርሲቶው አጎት የማን እንደሆነ ጠየቀ። አቶ ወልደ ሰንበት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው፣ ሁሉንም አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ሮዙ መጋረጃ መጣ። ያ ክፍል ከተቀመጥንበት ሳሎን አጠገብ፣ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሆሴዕ በሩ ጋ ቆሞ ነበር።

ግጥሙ አለቀ። ማንም አላጨበጨበም። አንዲት አሮጊት ብቻ "አቢጋኤል" ብለው ስሙን ደገሙት፤ ወዲያው አፋቸውን ያዙ።

አቶ ሃንዲሶ ልጃቸውን አላዩም። ወደ አቶ ወልደ ሰንበት ዞሩ። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነው።

"አቶ ወልደ ሰንበት፣ እንግዳ ኖት፣ አልቆጣም። አስተማሪ ነው፣ ለመላው ቤተሰብ ይጠቅማል ብለው ፈርመዋል። ይሄን አይተው ነው?"

አቶ ወልደ ሰንበት እኔን አዩኝ። እኔ ምንጣፉን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ምን እንደሚሉ በቃሌ አውቅ ነበር፦ "በአጠቃላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ..."። እሳቸው ግን ተነሥተው ቆሙ።

"አላየሁትም" አሉ። "አርባ ሰባት ሰከንድ ነው ያየሁት። ልጁ እስከ መጨረሻው እይልኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር። አላየሁለትም።"

ወደ አቶ ሃንዲሶ ዞሩ።

"አሁን አየሁት። እውነቱን ልንገርዎ። መኪናው አያስፈልግም። መነጽሩም አያስፈልግም። እነዚያ ጓደኞቹ ባይኖሩ ጥሩ ነበር። የመጀመሪያው ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ በላይ አያገኝም።" ሆሴዕ በሩን ተደግፎ መሬት መሬት አየ። "የመጨረሻውን ግን ቁጥር አልሰጠውም። ወረቀቱ ላይ ያልኩት ይጸናል። ያኔ ሳላይ ነበር ያልኩት፤ አሁን አይቼ ነው የምለው።"

ተቀመጡ። አቶ ሃንዲሶ ወረቀቱን አጣጥፈው፣ እንደገና አጣጥፈው፣ ኪሳቸው ከተቱት። ልጃቸው ላይ ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሰው ሁሉ ይህንኑ ጠበቀ። እሳቸው ግን የእጅ ውሃ እንዲዞር አዘዙ። ውሃው ዞረ፤ ምግቡ ቀረበ። በዚያ ቤት እሳቸው ሳይጸልዩ ማንም እጁን አይዘረጋም።

ቆሙ። እንግዳ ስላለ በአማርኛ ጸለዩ። ለዘመኑ አመሰገኑ፤ ለዝናቡ፤ ለታሰሩት፤ ለታመሙት፤ መንገድ ላይ ላሉት። ከዚያ ጸሎታቸው ቆመ። ዓይኔን ገለጥኩ፤ ሆሴዕም ገልጦ ነበር። ድስቱ ላይ እንፋሎት ይወጣል። አቶ ሃንዲሶ ስሟን ጀመሩት። ግማሹ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ሁለተኛ ጀምረው ጨረሱት።

መጀመሪያ "አሜን" ያሉት አቶ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ እኛ ዘግይተን ተከተልን። ሆሴዕ ቦታው ላይ አልነበረም። ከግድግዳው ወዲያ፣ ጆንያው ካለበት ክፍል፣ በስልክ ሲያወራ ድምፁ ይሰማ ነበር።

"አቢ፣ ጠራሽ" ይላል። "አባዬ ስምሽን ጠራ።"