ለአራሹ የተነገረው ምክር

የተበደልኩት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይህ ግን ተጽፎ ይቀመጥልኝ። በኮሮናው ክረምት ስለ ስንዴዬ የተሰጠው ምክር ለእኔ ሳይሆን ለእኩል አራሼ ተነገረ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ እርፍ የሚይዝልኝ የለምና ድብ ባሕር ቀበሌ ያለውን መሬቴን ለእኩል ሰጥቻለሁ። እሱ አርሶ ይዘራል፤ የማርመውና የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ምርቱን እንካፈላለን። የልጅ ልጆቼ የዓመት ቀለብ ከዚያ ነው።

ቀድሞ የግብርና ባለሙያዋ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆማ ትናገር ነበር። ሴቱም ወንዱም ይሰማል። ኮሮና መጥቶ መሰብሰብ ሲከለከል ምክሩ በስልክ ሆነ። እኔም ልጄ የገዛችልኝ ስልክ አለኝ፤ ቁጥሬን የጠየቀኝ ግን የለም።

አራሼ ዘርቶ እንደጨረሰ የሰሊጥ አረም ሊያርም ቆላ ወርዶ ነበር። የተደወለው እዚያ ነው፤ ለእኔ ያደረሰልኝ የለም።

እኔ ሳርም እውልና ማታ የቀሚሴ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ አገኘዋለሁ። ስንዴው ዝናብ በዝቶበት ቢጫ የሆነ መስሎኝ ተውኩት። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ ሽማግሌው፣ በአጥር ላይ አየኝና ሳቀ።

«ምነው፣ በስተርጅና ቀሚስ ማቅለም ጀመርሽ?»

«አያ፣ ከስንዴው ነው።»

ሳቁን አቆመ። «የዋግ ብናኝ እኮ ነው። አላስረጨሽም? ለሁላችን ተደውሎ የለ እንዴ?»

መድኃኒቱን ከከተማ ገዝቼ ስመለስ በሽታው እሸቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ዛላው ቆሞ ቀረ፣ ፍሬው ግን ጭምትርትር አለ።

ወደ ባለሙያዋ ቢሮ ሄድኩ። በገመድ አጥረው በሩቁ አቆሙኝ።

«እናቴ፣ ለአራሽዎ ነግረናል» አለችኝ።

«አራሼ ቆላ ነው ልጄ። ስንዴው እዚህ ነው።»

ወደ አለቆቿ ላከችኝ። ጎንደር ድረስ ወረድኩ። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ፣ ኃላፊው በአካል ሰው እንደማያነጋግሩ፣ በስልክ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ስልኬን ከጉያዬ አውጥቼ «እንግዲያው ደውልልኛ» አልኩት። ቁጥራቸው የለኝም አለ። ስልኬን መልሼ ከጉያዬ ከትቼ ተመለስኩ። ከዚያም ወዲህ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሰለቸኝ፣ አልተውኩም ግን።

በሚቀጥለው የዘር ወቅት ባለሙያዋ ራሷ መጥታ ከአጥሬ ውጭ ቆመች። አፏን ሸፍናለች፣ ዓይኗ መሬት መሬት ያያል።

«ለምን ለእኔ አልደወልሽም?» አልኳት።

«ለሚያርሰው ሰው ደውሉ ነው የተባልነው፣ እናቴ» አለች። «ባለመሬቷ ሴት ብትሆን ማን ይነግራታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።»