አባቷ ተከራክሮ የገዛው ወንበር

ማተሚያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሚሊሜትር ነው የሚሏት። አንዲት መስመር የጸጉር ያህል ፈቀቅ ካለች የታተመውን ሁሉ ታስጥላለች። የማሽኑ ሠራተኛ "አንቺ እኮ መቃብርሽንም በማስመሪያ ነው የምታስቆፍሪው" ሲላት፣ "ጠማማ ከሆነ አልገባም" ትለው ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ግን ስለ መቃብር መቀለድ ትቷል።

አባቷ እግሩን ካመመው በኋላ የሚወጣው በዊልቸር ነበር። ከሰዓት በኋላ ጸጉር አስተካካዩ ደጃፍ ላይ ከጓደኛው ከጡረተኛው ሾፌር ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታል። ወንበሩን እንዴት እንደገዛው ማውራት አይሰለቸውም።

"ሦስቴ ትቼው ስወጣ፣ ነጋዴው ሦስቴ ሮጦ መለሰኝ" ይላል።

"በየትኛው እግርህ ነው የወጣኸው?" ይለዋል ሾፌሩ። ደጃፉ በሙሉ ይስቃል፣ አባቷም አብሮ ይስቃል፤ በማግስቱ ያንኑ ወሬ እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

ከቀብሩ በኋላ ሁለት ሰዎች ቤት መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ወንበሩ የማኅበራችን ነው፤ ግን አትቸኩሉ" አሏት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እዚያው ቤት እየኖረች አልሰማችም ነበር። የሰፈሩ የበጎ አድራጎት ማኅበር መግዛት ለማይችል ሰው ዊልቸር፣ ክራንችና የሕመምተኛ አልጋ ያውሳል። የቀድሞዋ ሰብሳቢ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች፤ ዕቃ ላይ ምልክት አታስደርግም፣ ማን ምን እንደወሰደ ለቤተሰብ እንኳ አትተነፍስም። ወንበሩ ቀጥሎ፣ እሱም በተራው መራመድ ላቃተው ለሾፌሩ ተሰጠ። ሚሊሜትር በወንበሩ ግራ የእጅ ማሳረፊያ ላይ ራሷ ከጠመጠመችው የመዳብ ሽቦ አወቀችው። ሰፈሩ ግን "ጓደኛውን አወረሰው" አለ።

ያ ዝምታ አባቷን ቀና ብሎ እንዲኖር እንዳደረገው ገባት። ውለታውን በምን እንደምትመልስ ስታስብ፣ ያላት ሙያዋ ነውና ማኅበሩ ቢሮ ሄዳ "ዲዛይነር ነኝ፣ በነፃ ልሥራላችሁ" አለች።

አዋላጇ በጤና ምክንያት ለቃ ኖሮ በቦታዋ የጠበቃት አዲስ ሰብሳቢ ነው፤ የሽያጭ ሰው የነበረ፣ ምላሱ ቅቤ።

"እህቴ፣ ችግራችን አለመታየት ነው" አላት። "ያልታየ ደግነት ማን ይረዳዋል?"

እውነት መሰላት። ከመንገድ ማዶ የሚጣራ ብርቱካናማ ቀለም መረጠች፣ መንኮራኩር ያቀፉ ሁለት እጆች ሣለች። ወንበሮቹ "ለጥገና" ተብለው ተሰበሰቡና ተቀቡ፤ እያንዳንዱ መደገፊያ ላይ አርማው ተለጠፈ፣ ከሥሩም የሰብሳቢው መፈክር፦ "በደግ ሰዎች ርዳታ የተሰጠ።" ሚሊሜትር የፊደሎቹን ርቀት ለካች እንጂ ቃሉን አላነበበችውም። ጥርት ያለ ሥራ ነበር። ኮራችበት።

ከዚያ ሾፌሩ ከዳማው ቀረ። ታሞ ይሆናል ብላ ቤቱ ሄደች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ወንበሩ ከበሩ ጀርባ አንሶላ ለብሶ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ምነው ጠፉ?"

"ምን ልጥፋ፣ ከየትም እኮ እታያለሁ።" አንሶላውን በአገጩ አመለከታት። "ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ነድቻለሁ። ማስታወቂያ ተለጥፎብኝ ግን አያውቅም።"

ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

"ድሮ ስመጣ 'ሾፌሩ መጣ' ይሉ ነበር። አሁን ልጆቹ 'ርዳታው መጣ' ይላሉ። ማን እንደሠራው ታውቂ ይሆን፣ ልጄ?"

ያውቃል። እንደሚያውቅ ዓይኑ ነገራት፤ እንዲህ አድርጎ የጠየቃት እንዳታፍር ሳስቶላት ነው። አንሶላውን ገልጣ ስታየው የገዛ ብርቱካናማዋ እንደ ትውከት አቅለሸለሻት።

በማግስቱ ወንበሮቹን ወደ ድሮው ይመልሷቸው ልትል ቢሮ ሄደች። አንዲት ክራንች የያዘች እናት ልትወጣ ስትነሣ ደረሰች። ሰብሳቢው በሁለት እጁ ጨብጧት "በርቺ እናቴ" አለና ሸኛት። በሩ ሲዘጋ ከጠረጴዛው ላይ አንድ በራሪ ወረቀት፣ ሚሊሜትር የሠራችውን፣ አነሣና መዳፉን ጠረገበት። ጨምድዶም ጣለው።

"በጥሩ ጊዜ መጣሽ" አላት። "ቅዳሜ ፎቶ እናነሣለን። ሁሉም ወንበራቸው ላይ ተሰልፈው፤ ባይስቁ ይሻላል፣ አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል ቢያደርጉ..."

"መምጣት የማይፈልግስ?"

"ወንበሩን ይመልሳል። ወረፋ የሚጠብቅ ሞልቷል።"

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚሉት ይኼ ነው። ምራቋ መረራት፤ የመጣችበትን ሳትናገር ወጣች። ለዚህ ሰው ልመና ማቅረብ አፍ ማቆሸሽ መሰላት። ጸጉር ማድረቂያዋን፣ ምላጭና ቀለም የሚያስለቅቅ ቲነር ይዛ በቀጥታ ሾፌሩ ቤት ገባች። ስቲከሩ እየሞቀ፣ እያጣበቀ፣ እንደ ቆዳ ተላጠ። ቀለሙን ፍቃ የድሮውን ግራጫ ቀባችው። የአርማው ጥላ ግን መደገፊያው ላይ ቀረ፤ ምንም ብታሸው አልለቅም አለ። የአባቷን ኮት አምጥታ አለበሰችበት።

ቅዳሜ ፎቶው ቦታ አልሄዱም። ሾፌሩ ጸጉር አስተካካዩ ደጃፍ ቆርኪውን ደረደረ፣ እሷ በአባቷ ቦታ ተቀመጠች። ክፉኛ እያሸነፋት ሳለ ሰብሳቢው ፎቶ አንሺውን አስከትሎ መጣ። የቀረውን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ይፈልጋል።

"ይሄ ወንበር የማኅበሩ አይደል እንዴ?" አለ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ።

የሾፌሩ እጅ ቆርኪው ላይ ቀረ።

"አይደለም" አለች ሚሊሜትር። "አባቴ የገዛው ነው።"

"እህቴ፣ አንቺ እያወቅሽ..."

"ተከራክሮ ነው የገዛው። ሦስቴ ትቶት ሲወጣ ነጋዴው ሦስቴ ሮጦ መለሰው።"

ሰብሳቢው ሰው በሳቅ እንዲያግዘው ዙሪያውን አየ። ጸጉር አስተካካዩ ከደንበኛው ማጅራት ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ "ነጋዴው አልቅሶ ነበር አሉ" አለ።

"እኔ ነበርኩ እኮ" አለ ደንበኛው በሳሙናው ውስጥ። "ሲያለቅስ አይቻለሁ።"

ሚሊሜትር ቀና ብላ አየቻቸው። ለካ ያውቁ ነበር። ከጥንትም ያውቁ ነበር፤ አባቷ በየቀኑ ሲዋሽ በየቀኑ አዲስ ወሬ አድርገው የሰሙት እነሱ ናቸው። ዓይኗ ሞላ፣ ቦርዱን ያየች መስላ አጎነበሰች።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሰብሳቢው "ሰኞ ቢሮ እንነጋገር" አለ።

"እመጣለሁ፤ ምላጬን ይዤ። ሌሎቹም ወንበሮች አሉ።"

ሄደ። እሷ መዳፏን አሸተተች፤ የቲነሩና የሙጫው ሽታ አልለቀቀም፣ ጥፍሯ ሥር አሁንም ብርቱካናማ አለ። በኮቷ ልትጠርገው ብላ የሰብሳቢው መዳፍ ትዝ አላትና ተወችው።

"ተጫወቺ እንጂ" አላት ሾፌሩ። "አባትሽም ሊሸነፍ ሲል ነው ወሬ የሚያበዛው።"