የአባቴ ሰዓት በጋምቤላ ገበያ

ጋምቤላን የመረጥኩት እኔው ነኝ። የትምህርት ቢሮው ሰውዬ ማመልከቻዬን ሁለቴ አንብቦ «እህቴ፣ ጤነኛ ነሽ?» ነበር ያለኝ። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። ከደጋ የተመደበ መምህር ሁሉ ላለመሄድ የሐኪም ወረቀት ሲለምን እኔ ላኩኝ ብዬ ደጅ ጠናሁ።

ምክንያቱን አልነገርኩትም። ታላቅ ወንድሜ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲወድቅ ጦሩ ጋምቤላ ነበረ፣ የመጨረሻ ደብዳቤውም የመጣው ከዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። እናቴ ደሴ ተቀምጣ «ሞቱን ያየ ሰው መጥቶ ሳይነግረኝ አላለቅስም፣ ተዝካርም አላወጣም» ብላ በር በሩን ታያለች። ዘመድ ሊመክራት ሲሞክር ትሳደባለች። እንግዲህ ወይ ሞቱን ወይ መኖሩን ላመጣላት ነው የሄድኩት።

ፎቶውን ይዤ መዞሩ አልሆነልኝም። ያን ጊዜ የደርግ ወታደር ፎቶ የሚያሳይ ሰው ሲመጣ ሁሉም ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ እጅ ማየት ጀመርኩ። ወንድሜ የአባታችንን ሰዓት አስሮ ነበር የሄደው። አባቴ መንገድ ሥራ ላይ ሾፌር ሳለ አሜሪካዊው አለቃው አገሩ ሲመለስ ከእጁ ፈትቶ የሰጠው ነው፤ ፊቱ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ነጭ። በገበያ፣ በቢሮ ወረፋ፣ በባሮ ዳር የወንድ ክንድ እያየሁ ስዞር ሰው ምን ይለኝ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

በሁለተኛ ዓመቴ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ገበያው ዳር አንድ ሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ ላይ ሰዓቱን አየሁት።

ሰዓት ሠሪው የወሎ ሽማግሌ ናቸው። ሙያውን አዲስ አበባ ተምረው፣ በድርቁ ጊዜ ወሎ ዘመድ ሊጠይቁ ቢሄዱ ከገበያ ታፍሰው ሰፋሪ ሆነው የመጡ። «እኔ እንኳን ሩዝ፣ ሽንኩርት ተክዬ አላውቅም» ይላሉ።

«ይሄ የወንድሜ ነው!» አልኳቸው።

«ቀስ በይ ልጄ» አሉና አጉሊ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አወለቁ። «ይሄን የሠራው ፋብሪካ መጀመሪያ ለባቡር ሰዎች የኪስ ሰዓት ነበር የሚሠራ። ደቂቃ ከተሳሳተ ባቡርና ባቡር ይጋጫል፣ ስለዚህ ቀልድ አያውቁም። የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለገበያ መሥራቱን ትተው ለወታደር ብቻ ሠሩ። ይቺ ያኔ የተሠራች ናት። እዪ፣ መሙያዋን ሳብ ሳደርገው ሰከንዷ ቀጥ ትላለች። ወታደሮቹ ሰዓታቸውን እኩል እንዲያስተካክሉ ነው። ኋላ ርካሽ ሰዓት ዓለምን ሲሞላ ከሰሩ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ስሙም ተሸጠ አሉ። ግን የሠሩት እልፍ ነው። የወንድምሽ ለመሆኑ ምን ምስክር አለሽ?»

«ይክፈቱት» አልኩ። ሰዓት ሠሪ የጠገነውን ለማወቅ ከክዳኑ ውስጥ በኩል ምልክት ይጭራል። ደሴ የአባቴን ሰዓት የሚያድሰው ሰው መስቀልና ሁለት መስመር ነበር የሚጭር፣ ልጅ ሆኜ አሳይቶኛል። ሽማግሌው ክዳኑን ፈልቅቀው ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። መስቀሉም አለ፣ ሁለቱ መስመሮችም አሉ።

ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። ከዚያ «ያመጣው ከጎግ ወረዳ የመጣ ሰው ነው፣ አኙዋክ። ቅዳሜ ሊወስደው ይመጣል። ብቻሽን ነይ፣ ቁጭ ብለን እንጠይቀዋለን» አሉኝ። እሺ አልኩ።

እሺ ብዬ ምን ዋጋ አለው! እስከ ቅዳሜ ደሜ ፈላ። ከደጋ የመጣነው ሁሉ ያን ጊዜ አንድ በሽታ ነበረብን፤ የእኛ ዕቃ እዚያ አገር ሰው እጅ ላይ ከታየ ተሰርቋል ነው፣ ሌላ ነገር አይታሰበንም። እኔ ደግሞ ስርቆቱን አልፌ ግድያ ላይ ደርሻለሁ። በሐሳቤ ሰውዬው የወንድሜን ሬሳ እጅ ይዞ ማሰሪያውን ሲፈታ አያለሁ። ቅዳሜ ጎረቤቴን ፖሊሱን ከነዩኒፎርሙ ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌው ሲያዩን ካቻቢቴያቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

ሰውዬው መጣ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፣ ለሽማግሌው በቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ይዟል። ተንደርድሬ ፊቱ ቆምኩና «ወንድሜን የት አደረስከው?» ብዬ ጮህኩበት። አልደነገጠም። ፊቴን አተኩሮ አየኝ፣ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን። እኔና ወንድሜ ቁርጥ አንድ ነን። አፉን ሊከፍት ሲል ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። ሰውዬው መንጭቆ አመለጠና በገበያው መሐል ወደ ወንዙ ሮጠ። ዓሣው መሬት ላይ ቀረ።

ፖሊሱ ትንሽ ተከትሎት ተመለሰ። ሽማግሌው ሰዓቱን አቀበሉኝ።

«ሲሰጠኝ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ደህና አድርገህ ጥረግ፣ የኔ አይደለም፣ ለአንድ እናት የሚሄድ ነው› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ወንድምሽ ሲሞት አደራ ብሎት ይሁን፣ በሕይወት ሆኖ ልኮት ይሁን አላውቅማ! ከራሱ አፍ ትስማ ብዬ ነው። ብቻሽን ነይ አላልኩሽም?»

ጎግ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ወሬዬ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ፖሊስ ይዛ የምትመጣዋ ሴትዮ ነኝ። ውሃ ሰጡኝ፣ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም አሉኝ። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔም ብሆን አልናገርም ነበር።

ክረምት ላይ ደሴ ገባሁ። እናቴ ሰዓቱን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አዳመጠችው።

«ማን ሰጠሽ?»

«አንድ የጎግ ሰው።»

«ምን አለ?»

ምን ልበላት? ሊናገር ሲል እኔ ነኝ ያስያዝኩት ልበላት? «ለእናት የሚሄድ ነው አለ» አልኳት። እሱ እንኳ እውነት ነው።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ልጄ በሕይወት አለ፣ ልኮልኛል ብላ ጎረቤት ጠራች፣ ድግስ ደገሰች። እኔም የሚበላ አቀረብኩ። ወንድሜ ሞቶ ከሆነ ተዝካሩን ያስቀረሁበት እኔ ነኝ፤ ኖሮ ከሆነም መልእክተኛውን ያባረርኩበት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች፣ ወንድሜም አልመጣም። በየጠዋቱ ስትጸልይ የማታውቀውን ያን የጎግ ሰው ከልጆቿ አስቀድማ ትጠራው ነበር፤ «ደግ ነውና ከክፉ ሰው ሰውረው» ትላለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አሜን እላለሁ።