ጉዳዩ የተለየ

የያዙኝ ጅማ አጠገብ፣ የቡ በምትባለው ከተማችን ነው፤ ቡናውን ማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግቼ ስለቅም። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ጅማ ወስደው እስር ቤት አስገቡኝ። ጥፋቴ አንድ ነበር። የቡና ማጠቢያው ቦታ ለአንድ ባለሀብት ይሰጥ ሲባል፣ ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ "የተለየ ሀሳብ አለኝ" አልኩ። ሀሳቡን እንኳ አላስጨረሱኝም።

ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ አነጋገርም የለመድኩት እዚያው ትምህርቱ ላይ ነው። ድሮ ቢሆን "ይሄ ነገር አይሆንም" ብዬ እቀመጥ ነበር። ትምህርት ይጠቅማል ይላሉ።

ክፍሉ ሽንትና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። በግራና በቀኜ የሚተኙት አንድ የእንግሊዝኛ መምህርና አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌውን ሐጂ እንላቸዋለን። መምህሩ ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይሆንለት ያስተምረናል። ያን ቀን ጠዋት ያስተማረን "ዲፈረንት" የሚለውን ቃል ነው።

"ልዩ ማለት ነው" አለ። "ወይ የተለየ፣ ወይ ሌላ። እንደ አገባቡ ነው።"

"የእኛም አዳ እንደዚያው ነው" አሉ ሐጂ፤ በኦሮምኛ የተለየ ማለት ነው።

"እንግሊዞች ቃል አጠራቸው እንዴ?" አልኩ።

"አንተስ ሌላ ቃል አጥተህ ነው በዚህ የታሰርከው?" አለኝ መምህሩ። ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። ቀና ብሎም አላየኝም። "ያንተ ጉዳይ ከሌሎቹ የተለየ ነው። ሂድና ተዘጋጅ" አለኝ።

ይህን ስነግራቸው ክፍሉ በደስታ ተሞላ። መምህሩ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። "ልዩ ሰው፣ ስትወጣ እንዳትረሳን።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ኢልመ ኮ" አሉ ሐጂ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ጋቢዬን አውልቄ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው። "ይልበሱት፣ ሐጂ። እኔ ወደ ቤቴ ነኝ።"

ፖሊሱ መጥቶ ወሰደኝ። ግቢው መሀል ስንደርስ እግሬ ወደ ዋናው በር ሄደ፤ እሱ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ አዞረኝ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ አንዲት የብረት በር አለች። ከፈታት። ውስጧ ጨለማ ነው፤ ሰው እግሩን ዘርግቶ አይተኛባትም።

"ተሳስተሃል" አልኩት። "የኔ ጉዳይ የተለየ ነው ተብያለሁ።"

"ለዚያ እኮ ነው" አለኝ። አነጋገሩ ክፋት የለውም። ቆለፈብኝና ሄደ።

ተመልሶ የሚስቅብኝ እየመሰለኝ በሩ ስር ቆሜ ጠበቅኩ። ዕድሜ ልኬን ቡና የለቀምኩ ሰው ነኝ። ከሌላው የተለየች ፍሬ ካየሁ አውጥቼ እጥላለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋታለሁ? ያ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ?

በማግስቱ ፖሊሱ ጋቢዬን ይዞ መጣ። "ሽማግሌው ይበርደዋል ብለው ላኩልህ።"

ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነበር። "መልስላቸው" አልኩት። "የሰጠሁትን አልቀበልም።"

"ብርዱ ይገድልሃል፣ ሰውዬ።"

"እሳቸው ጋ ያለው ብርድ የተለየ ነው?"

አየት አደረገኝና ጋቢውን ይዞ ተመለሰ።

ስፈታ ወደ የቡ፣ ወደ ለቀማዬ ተመለስኩ። ሐጂ የት እንደደረሱ ዛሬም አላውቅም። አሁን ወደ ውጭ የሚሄደው ጆንያ ላይ "ልዩ ቡና" ብለው ይጽፋሉ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያቺ የብረት በር ትታየኛለች። ስብሰባ ግን አልቀርም። በቀደም እጄን ሳወጣ ሰብሳቢው ገና ሳልናገር ሰለቸው።

"ያንኑ ልትለን ነው?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩ። "የተለየ ነው።"