ከርቲስ የማይኖርበት ቤት

ጋሽ ገሠሠ ሃያ ሦስት ዓመት ዳውንታውን አትላንታ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲጠብቁ አንድም ቁልፍ ጠፍቶባቸው አያውቅም። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ግን፣ ጡረታ ወጥተው፣ በገዛ ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ በአንዲት ቃል ስማቸውን አጠፉ። ቃሏ «የስ» ነበረች።

ነገሩ የሆነው ከስቶን ማውንቴን ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ እሳቸው ገዝተው ከገቡ ገና ሦስተኛ ወሩን በያዘ ቤት ነው። ካውንቲውን፣ በእኛ ወረዳ እንደማለት፣ ስሙን አልጠራም፤ በአትላንታ ዙሪያ ካውንቲ ሞልቷል፣ አንባቢ የፈለገውን ይምረጥ። ጋሽ ገሠሠ ባለቤታቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። ያላቸው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ዘጠኝ ሐበሻ ልጆች እየመጡ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ያነባሉ፣ ይንጫጫሉ። ደንባቸው አንድ ነው፤ ማንም ልጅ በአንድ ቃል አይመልስም። «ስምሽ ማነው?» ተብላ «ትንሳኤ» ያለች ልጅ ትቀመጥና እንደገና ትነሣለች፣ «ስሜ ትንሳኤ ነው» እስክትል ድረስ። የመጣ ልጅ ስሙ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ይደረግለታል። ያለ ቅዳሜ የጋሽ ገሠሠ ሳምንት ሰባት ማክሰኞ ነበር፤ ይህን ራሳቸውም አይክዱም።

ቤቱን እሳቸው ከመግዛታቸው በፊት ከርቲስ የሚባል ሰው ተከራይቶት ይኖር ነበር። ከርቲስ በወሲብ ወንጀል ተፈርዶበት፣ እስሩን ጨርሶ የወጣ፣ በካውንቲው መዝገብ ላይ ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ ከሆነው ሸሪፍ ቢሮ ቀርቦ አሻራ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚነዳ ያስመዘግባል። ቤት ሲቀይር በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ ያስታውቃል። በየዓመቱ ደግሞ ልደቱ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ቀርቦ ያድሳል፤ ሌላው ሰው በልደቱ ሻማ ሲያጠፋ እሱ አሻራ ይሰጣል። መኖሪያው ማንም በስልኩ በሚከፍተው ካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ይታያል። ልጅ ያለው ሰው ይህን ሕግ አይጠላም። ጋሽ ገሠሠም አልጠሉትም፣ መኖሩን አያውቁም እንጂ።

ከርቲስ እንደ ደንቡ ሌላ ካውንቲ ሄዶ ተመዘገበ። የቀረው፣ የዚህኛው ካውንቲ ዴፑቲ፣ የሸሪፉ ፖሊስ፣ አንድ ቀን ብቅ ብሎ ሰውየው እውነትም መልቀቁን አረጋግጦ ነጥቡን እንዲያነሣ ብቻ ነበር።

ዴፑቲውም ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ጋሽ ገሠሠ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በር ላይ አቁመው አያናግሩም፤ ሶፋ ላይ አስቀምጠው ሻይ ቀዱለት፣ አምባሻ ቆረሱለት። ሰውየው መጀመሪያ እንቢ አለ፣ ኋላ በላ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው።

«ከርቲስ እዚህ አይኖርም?»

«የስ» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

እንግዲህ ጥፋቱ ይቺ ናት። በእኛ ቋንቋ «አይኖርም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ካለ «ልክ ነህ፣ አይኖርም» ማለቱ ነው። በእነሱ ግን «የስ» ማለት «ኧረ ይኖራል» ነው። ጋሽ ገሠሠ ሃያ ሦስት ዓመት በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ኖረው ይህን የነገራቸው የለም፤ መኪና የሚያቆም ሰው «አይኖርም ወይ» ብሎ አይጠይቅማ። ዴፑቲው ጻፈ። አሁን ቤት ውስጥ አለ ወይ ሲላቸው «ኖ» አሉ፣ እውነት ነው። ሥራ ሄዶ ይሆን ሲላቸው፣ መቼም ጤነኛ ሰው ሳይሠራ አይበላም ብለው «ሜይቢ» አሉ። «ችግር አይፈጥርብህም?» ሲላቸው ደግሞ፣ የማላውቀው ሰው ምን ችግር ይፈጥርብኛል ብለው በሙሉ ልብ «የስ» አሉ። ዴፑቲው በሐዘኔታ አያቸው። የተረፈውን አምባሻ በፎይል ጠቅልለው አስያዙት። በሩን ሲዘጉ፣ እንግሊዝኛቸው ከዕድሜ ጋር እየተሻሻለ መምጣቱን አስበው ፈገግ አሉ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሰባት ልጆች መጡ። ሁለቱ ጉንፋን ይዟቸዋል ተባለ። በሚቀጥለው አራት መጡ፤ የቀሩት ሶከር ጀምረዋል። በሦስተኛው ትንሳኤ ብቻ መጣች፣ እሷም እናቷ መኪና ውስጥ ሆና ስትጠብቃት ነበር። በአራተኛው ማንም አልመጣም። ጋሽ ገሠሠ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ዘጠኙን ወንበር ደርድረው ተቀመጡ። ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ፤ ልጆቹን እያስነሣሁ እያስቀመጥኩ አስመርሬያቸው ነው። ለየወላጁ እየደወሉ፣ ከእንግዲህ በአንድ ቃል ቢመልሱም ይሁን፣ ይምጡ ብቻ አሉ። ወላጆቹ በጨዋነት እሺ ጋሼ፣ እናያለን ጋሼ እያሉ ዘጉ። ከንፈሩን የሚመጥ እንጂ ነገሩን አፍ አውጥቶ የሚነግራቸው ጠፋ። ይሄ ጨዋነታችን አንዳንዴ ከስድብ ይብሳል።

አፍ አውጥታ የነገረቻቸው የትንሳኤ እናት ሶስና ናት። እሷም ቢሆን ደጃፍ ቆማ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው። የዴፑቲውን መኪና ደጃፋቸው ላይ ያየ ወላጅ ፈልጎ ያገኘውን ካርታ በስልኳ ከፍታ አሳየቻቸው። የእሳቸው መንገድ፣ የእሳቸው ቤት ቁጥር፣ ላዩ ላይ ቀይ ነጥብ። ነጥቡን ስትነካው ራሰ በራ፣ አንገተ ወፍራም ሰው ብቅ ብሎ አፈጠጠባቸው።

«ጋሼ፣ የታችኛውን ቤዝመንት ለማን ነው ያከራዩት?» አለች።

«ለማንም አላከራየሁም።»

ይህን ማንም አላመነም፣ ማንም ሊያምን አይችልም። ቤዝመንት ያለው ሐበሻ አላከራየሁም ሲል የሚያምነው የት ይገኛል? ጋሽ ገሠሠ እጇን ይዘው ወደ ታች አወረዷት። አንድ ጆንያ ጤፍ፣ የተሰበረ የመሮጫ ማሽን፣ የሟች ባለቤታቸው ሻንጣዎች። ጥግ ላይ ግን ንጹሕ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ ነበር። የማን ነው አለች ሶስና። የእንግዳ ነው አሉ። የማን እንግዳ? ገና አልመጣም አሉ። ሶስና አልጋውን አየች፣ ጋሽ ገሠሠን አየች፣ ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

ጋሽ ገሠሠ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሰው የመሆን ነገር እንዲህ ሲሆን ያሳዝናል፤ ሳያከራዩ አከራይ፣ ከርቲስን ሳያውቁት ወዳጁ ሆኑ። አለቀሱም እንዴ ብትሉኝ፣ አልቅሰዋል።

በሳምንቱ በከርቲስ ስም ከካውንቲው ደብዳቤ መጣ። ከወላጆቹ አንዱ ሳይደውል አልቀረም። ልጆች በሚሰበሰቡበት ቤት መኖር ስለማይፈቀድልህ ባስቸኳይ ልቀቅ ይላል። ጋሽ ገሠሠ የሰው ፖስታ በመክፈታቸው ትንሽ ቢያፍሩም ደስ አላቸው። መንግሥት ራሱ ውጣ ብሎታል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የለቅሶና የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው ደብዳቤውን ይዘው ወደ ሸሪፉ ቢሮ ነዱ።

እዚያ ቁጥር ተቀብለው፣ ለማደስ ከመጡ ሰዎች መካከል ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ አቀርቅሮ ቆየና ልደቱ ሐሙስ መሆኑን ነገራቸው። ጋሽ ገሠሠ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እንኳን አደረሰህ አሉት፤ ሰውየው እዚህ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው አጋጥሞት እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ትሑት ናት፣ ክፋት የለባትም። ከርቲስ መልቀቅ አለበት አለች። ይልቀቅ፣ እሰየው አሉ ጋሽ ገሠሠ። ለመልቀቅ ራሱ ቀርቦ ማስታወቅ አለበት አለች። እሱ የለም እኮ አሉ። ኮምፒውተሯን አየች፤ ሌላው ካውንቲ እዚያ ነው ይላል፣ የእኛ ዴፑቲ ደግሞ እዚህ ይኖራል ብሎ ጽፏል አለች። ታዲያ የሚቆጣጠረው የፕሮቤሽን ኦፊሰር የለውም ወይ፣ እሱ አይጠየቅም? አሉ። አለው፣ ፕሮቤሽን ግን ሌላ ቢሮ ነው አለች፤ ፕሮቤሽን ፍርዱ እስኪያልቅ ሰውየውን ይከታተላል፣ መዝገቡ ደግሞ ፍርዱ ካለቀም በኋላ የሸሪፉ ነው፤ እነሱ የሚያውቁትን እኛ ካላየነው አላወቅነውም። ጋሽ ገሠሠ ዴፑቲውም እኮ አላየውም ሊሉ ፈልገው እንግሊዝኛው ጥሏቸው ሄደ። ደብዳቤውን መልሰው ሲዘረጉላት ሴትዮዋ ግራ ገባት፤ ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል።

«ለመመዝገብ አይደለም የመጣኸው?» አለቻቸው።

«የስ» አሉ።

ፎርም ሰጠቻቸው። ጋሽ ገሠሠ ፎርም አይፈሩም፤ ዲቪ የደረሳቸው ፎርም አሳምረው ሞልተው ነው። ስም፣ አድራሻ፣ የመኪና ታርጋ፣ ሁሉንም በትልልቅ ፊደል ሞሉ። ነጭ ግድግዳ ፊት አቆሟቸው፣ ኮታቸውን አስተካክለው ቆሙ። አራት ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ሲያሳርፉ ልባቸው ሞቀ። ለግሪን ካርድ አሻራ ሰጥተዋል፣ ለዜግነት ሰጥተዋል፤ አሻራ በሰጡ ቁጥር ተከትሎ የመጣው ደግ ነገር ነው። ይኸው ነገሩ ሊያልቅ ነው አሉ። አንዲት ጥያቄ ብቻ አላወቋትም። ፎርሙን ይዘው ወደ መስኮቱ ተመልሰው በጣታቸው አሳዩ። ሴትዮዋም ስልክ አንሥታ የአማርኛ አስተርጓሚ አገናኘቻቸው። ሐምራዊት እባላለሁ አለች ድምፁ፣ ከየት እንደምታወራ እግዜር ይወቅ።

«አባቴ፣ እዚህ ላይ የሚጠይቅዎት የተፈረደብዎት መቼ እንደሆነ ነው» አለች።

ጋሽ ገሠሠ ጆሯቸው ላይ ያለውን ስልክ አነሡና አዩት፣ መልሰው ለጠፉት። ማን ነው የፈረደብኝ አሉ። ከዚያ ሁሉንም ከአምባሻው ጀምረው አወሩላት። ሐምራዊት አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ዴፑቲው 'አይኖርም?' ሲልዎት ምን አሉት?»

«የስ አልኩት። አይኖርማ።»

ሐምራዊት በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ነገሩን በቀስታ አስረዳቻቸው። ጋሽ ገሠሠ እየሰሙ ኮታቸውን ቁልፍ በቁልፍ ፈቱ፤ ሙቀት ለቀቀባቸው። ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት «የስ» ያሉባቸው ቀናት ሁሉ ተራ በተራ መጡባቸው። የቤቱን ብድር፣ ሞርጌጁን፣ የፈረሙ ዕለት የባንኩ ባለሙያ «ጥያቄ የለህም?» ብሎ ጠይቋቸው «የስ» ብለው፣ ባለሙያው ጥያቄያቸውን ሲጠብቅ፣ እሳቸው ብዕሩን ሲጠብቁ ቆይተው ነበር።

«ታዲያ ከእንግዲህ ኖ ልበል?» አሉ።

«ኖም አይበሉ። ነገ 'ሄዷል?' ብለው ቢጠይቁዎት ኖ ብለው ያርፉታል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ አባቴ። በአንድ ቃል አይመልሱ።»

ጋሽ ገሠሠ አፍረው ኮታቸውን መልሰው ቆለፉ። ሐምራዊት በእንግሊዝኛ ለሴትዮዋ ስታስረዳት ሴትዮዋ አፏን ያዘች፣ ፎርሙን ቀደደች፣ ፎቶውን አጠፋች፤ አሻራውን ለማጥፋት ደግሞ ሌላ ፎርም አስሞላቻቸው።

ዴፑቲው ሐሙስ ተመልሶ መጣ። ከመቀመጡ በፊት ጋሽ ገሠሠ እጃቸውን አጣምረው ቆሙና፣ ሌሊቱን ሲያጠኑ ያደሩትን በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ ከርቲስ የሚባል ሰው በዚህ ቤት አይኖርም፣ እኔ ከገባሁ ጀምሮ አልኖረም፣ አይቼውም አላውቅም። ዴፑቲው ቤዝመንቱን አየ፣ የእንግዳ አልጋውን አየ፣ ጻፈ። በማግስቱ ነጥቡ ከካርታው ጠፋ።

ቅዳሜ ዘጠኙን ወንበር ደረደሩ። ማንም አልመጣም። ነጥቡ ከካርታው ላይ መጥፋቱን ለወላጅ ሁሉ ደውለው ነገሩ፤ እሺ ጋሼ፣ እናያለን ጋሼ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ደረደሩ። አራት ሰዓት ሲሆን የሶስና መኪና ደጅ ቆመ። ሶስና ወርዳ እስከ በሩ መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ይቅርታ ልትል ጀምራ አቃታት። ትንሳኤ ከኋላዋ ብቅ አለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ የቤት ነው፣ ጭንቅላቷ ግን አትላንታ የተወለደ።

«ጋሼ፣ አልረሳኸኝም?» አለቻቸው።

«አዎ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል ታያቸዋለች። አፋቸውን ዘጉት።

«ትንሳኤ፣ እኔ አንቺን አልረሳሁሽም» አሉ።

ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። መዝገባቸውን ከፍተው እንደ ሁልጊዜው ስም መጥራት ጀመሩ፤ ደንብ ደንብ ነው። ፍፁም አሉ። ትንሳኤ ዞር ብላ ባዶውን ወንበር አይታ ተነሣች። «ፍፁም አልመጣም» አለች። ኪዳነምሕረት አሉ። «ኪዳነምሕረት አልመጣችም» አለች። ስምዖን። «ስምዖን አልመጣም።» እንዲህ እያለች ስምንቱንም በሙሉ ዓረፍተ ነገር መለሰች፣ በአንዱም አልተቀመጠችም። ጋሽ ገሠሠ ጣታቸውን ወደ መጨረሻው ስም አወረዱ።

«ትንሳኤ» አሉ።

«እኔ መጥቻለሁ» አለች።

ቀዩን እስክሪብቶ አንሥተው ነበር፤ አስቀመጡትና በሰማያዊ ምልክት አደረጉላት።